ምሳር አንሁን

“የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል” ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ከሕፃንነታችን ጀምረን ስለሰማነው አሁን አሁን ጆሯችንን አልፎ የሚገባ አይመስልም። ሰሞኑን ግን በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ የሚወራው ወሬ ተረቱን እንደ አዲስ እንዳስበው አድርጎኛል።

ወሬው እንዲህ ነው፦ “ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት በርካሽ ይገኛል። ቡሬ ላይ ባለካርታውን ቤት ሻጩ ራሱ ለምኖ ይሰጥሃል። ጊዜው አሁን ነው፤ ሰላም ሲመጣ እጥፍ አድርገህ ትሸጠዋለህ።” ይኸን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ከዚያው ከምዕራብ ጎጃም የመጡ፣ የገበሬና የቸርቻሪ ልጆች ናቸው። አንዱ አሜሪካ ላለው አጎቱ ያፈላልጋል። ሌላዋ አዲስ አበባ ላለች አክስቷ ትጠይቃለች። ሦስተኛው ደግሞ ለራሱ የሚደርሰውን የድለላ ድርሻ ያሰላል። ነገሩን ሁሉ ጠቅልለው “ኢንቬስትመንት” ይሉታል።

እኔ ይኸን ስም አልቀበለውም። በባዶ መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው ላገሩ አንድ ቤት ጨምሯል፤ ይመስገን። የፈረሰውን ያቆመ፣ ያፈሰሰውን ቆርቆሮ የለወጠ፣ ጓሮው ላይ አንዲት ክፍል ቀጥሎ ያከራየም እንዲሁ። የተጨነቀን ሰው ቤት በጭንቁ ልክ አስረክሶ የወሰደ ሰው ግን ምን ጨመረ? ትናንት አንድ ቤት ነበረ፤ ዛሬም ያው አንድ ቤት ነው። የተለወጠው ማን ውስጥ እንደሚያድርና ማን ውጭ እንደሚቀር ብቻ ነው። ልማት የሚባለው ይኸ ከሆነ ጅብም አራሽ ነው ማለት ነው።

እስቲ ዋጋ የሚባለውን ነገር በደንብ እንየው። የቤት ዋጋ ከጭቃው፣ ከባሕር ዛፍ ማገሩና ከቆርቆሮው ብቻ አይወጣም። ሻጩ “ይቆየኝ፣ አልሸጥም” ማለት በሚችልበት ቀን የሚወጣው ዋጋ አንድ ነው፤ ማለት በሚያቅተው ቀን የሚወጣው ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከየት መጣ? ግድግዳው አልዘመመም፣ ጣራው አልዛገም። የተለወጠው የሻጩ ጉሮሮ መታነቁ ነው። እንግዲህ “በርካሽ ገዛሁ” ብሎ የሚኩራራው ሰው ትርፉን ያገኘው ከቤቱ ሳይሆን ከሰውየው ጉሮሮ ነው።

ጉሮሮው እንዴት እንደታነቀ ለማናችንም አዲስ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከአየር ተመታች፤ ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሰዎች ለዜና ማሰራጫዎች ተናገሩ። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት መልስ “የሰላም መንገድ” ብለው የሰየሟት ያቺ የጥንቷ ወጀት ናት። ከዚያ ወዲህ ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ ከቡሬ እስከ እንጅባራ ያለው ጎዳና ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ። ኢንተርኔቱም ለወራት ተቋርጦ ነበር።

መንገድ ሲዘጋ ምን ይሆናል? የቡሬ በርበሬ በጆንያው ውስጥ ይቀራል። የነጋዴው ብድር ግን በጆንያ ውስጥ አይቀመጥም፤ ወለዱ ሌት ተቀን ይሠራል። የሰው ልጅ ይታገታል፤ ማስለቀቂያው በሦስት ቀን አምጣ ይባላል። ልጆቿን ይዛ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የምትሸሽ እናት ለኪራይና ለቀለብ የሚሆን ገንዘብ ያስፈልጋታል። የታመመ ሰው መታከም አለበት። ለእነዚህ ሁሉ ቶሎ ገንዘብ የሚሆን ምን አለ? ቤቱ። ሃያ ዓመት ከዕቁብ በተጠራቀመ ብር፣ በየክረምቱ አንዲት ጥማድ ቆርቆሮ እየተገዛ የቆመ ቤት በአንድ ሳምንት ይሸጣል። ደላላው ደግሞ ሻጩ ስንት ቀን እንደቀረው ከሻጩ ይበልጥ ያውቃል። እየጠበቀ ይቆይና ዋጋውን በመጨረሻው ቀን ይጥላል።

እኛ ጎጃሞች መሬትን በተመለከተ ታሪካችን ቀላል አይደለም። “በርስትና በሚስት የለም ዋዛ” ሲሉ አባቶቻችን እየቀለዱ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ብሎ ሲነሣ ከግብሩ ይበልጥ የፈራው ከግብሩ ኋላ የሚመጣውን ነበር፤ ዛሬ ሊለካ የመጣ ነገ ሊነጥቅ ነው ብሎ ሠጋ። ዳሞትም ከዚያ አመፅ አልቀረም። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ መንግሥትም ወደኋላ ለማለት ተገደደ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ እንደኛው ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች “መሬት ላራሹ” ብለው ፓርላማ ድረስ ተሰልፈው ነበር። እነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ የራሳቸው መሬት ጉዳይ አላሳሰባቸውም፤ ያሳሰባቸው የሰው ነበር። ዛሬ የኛ ግቢ ወሬ “መሬት ለገዢው” ሆኖ መገኘቱ አያሳፍርም ትላላችሁ?

ይኸን ስል ግን ወደ 1967 እንመለስ ማለቴ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠሩ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ የከተማው አዋጅ ወጣ። አንድ ሰው ለመኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ ቦታና አንድ ቤት ብቻ ይኑረው፣ ትርፉ የመንግሥት ነው ተባለ። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገባ። ተከራዩ መጀመሪያ እፎይ አለ። ግን ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ፣ ባለቤቱም የማይታወቅ ቤት ማን ይጠግነዋል? የቀበሌ ቤቶች በየከተማው እንዴት እንደጎበጡ ሁላችንም አይተናል። የሚያከራይ ቤት መሥራት ሲከለከል ደግሞ ቤት የሚሠራ ጠፋ። ስለዚህ ቤት መሥራትም፣ ማከራየትም፣ በመጠኑ ማትረፍም ኃጢአት ነው የሚል ካለ ከኔ ጋር አይደለም። እኔ የምቃወመው ያልሠሩትን ቤት የሠራውን ሰው አንገት ይዞ መውሰድን ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ “ነገሩ ሕጋዊ ነው፣ ሻጩ ፈርሟል” የሚል መልስ ስለሚመጣ። እርግጥ ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እንግዲህ ገዢው የሚገዛው ግድግዳውን፣ ጣራውንና ቦታውን የመጠቀም መብቱን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721/2004) ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደነገገ። ይኸን ነገር ስንቱ ደላላ ለገዢው ይነግረዋል?

የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። በጠላ ቤት ሦስት እማኝ ተጠርቶ፣ በደብተር ወረቀት ላይ ጣት ተነክሮ የሚፈረመው የመንደር ውል እንግዲህ ምን ያህል እንደሚያስተማምን አስቡት። ቤቱ የባልና የሚስት ከሆነ ደግሞ አንዱ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። ባሏ የት እንደገባ ያልታወቀ ሴት፣ ሚስቱ ከአባይ ማዶ የቀረችበት ሰው፣ በማን ፊርማ ነው የሚሸጡት? “በውክልና ይያዛል” ይላሉ ብልጦቹ። ውክልናውን ማን ሰጠ? በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ ሰጠ?

ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ የሕግ ተማሪዎች ሁሉ የምታውቁት ቁጥር 1710 አለ። ፍሬ ነገሩ ይኸ ነው፦ ውል አንዱን ወገን ብዙ ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም። ነገር ግን ፍትሕ ግድ ሲል፣ የተጎጂው ፈቃድ የተገኘው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ መጃጀቱን ወይም ገበያ አለማወቁን መጠቀሚያ በማድረግ ከሆነ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። “ችግሩን” የሚለውን ልብ በሉ። ሕጉ ይኸን የጻፈው ጭንቅ የሚያስፈርመውን ፊርማ ከፈቃድ ስላልቆጠረው ነው። በመጨረሻው ቀን ዋጋ የሚጥለው ደላላ ጨዋታ እኮ ከዚህ የተለየ አይደለም። የገዛችሁት ቤት ነገ ሰላም ሲሆን ከነክሱ ሊመጣባችሁ እንደሚችል ለአጎቶቻችሁ ጻፉላቸው።

ሌላው የርካሽ ቤት ምንጭ ባንክ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ባንክ ያበደረው የሕዝብ ተቀማጭ ስለሆነ ገንዘቡን ማስመለሱ አግባብ ነው፤ በደህና ጊዜ እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖር ማንም ለማንም አያበድርም። ነገር ግን 30 ቀን የሚበቃው መንገድ ክፍት ለሆነለት ሰው ነው። ሸቀጡን ማንሣት ያልቻለ፣ ደንበኛው የተሰደደበት፣ ሱቁ የተዘጋበት ነጋዴ በ30 ቀን ከየት ያመጣል? በሐራጁ ቀንስ ማን ይገኛል? ተወላጁ ገንዘብ የለውም ወይም መንገድ ፈርቷል። የሚመጣው የሩቅ ሰው ወኪል ነው። ሁለት ተጫራች ብቻ ቆሞበት የሚወጣን ዋጋ “የገበያ ዋጋ” ብለን ልንጠራው አይገባም።

ከከተማው ዳር ያለው ገበሬስ? ቡሬ ላይ የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ሲጀመር፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ፋብሪካ ማን ይጠላል? ግን በዚያው ልክ በከተማው ዙሪያ የእርሻ መሬት በካሬ መሸንሸን መጣ። ገበሬው መሬቱን መሸጥ አይችልም። ግን “ነገ መንግሥት ይወስድብሃል፣ ዛሬ ለኔ ስጠኝ” ይሉታል። ይህ ፍርሃት ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ በ1989 ዓ.ም. በክልላችን በተደረገው የመሬት ሽግሽግ ብዙ ቤተሰብ ይዞታው ተቆርጦበታል፤ ያ ቁስል አልዳነም። ስለዚህ ገበሬው በድብቅ ይፈርማል፤ የጨረቃ ቤት በሌሊት ይቆማል። ብሩ በአንድ ዓመት ያልቃል። በኋላ ቦታው ለልማት ሲነሣ ካሣውን የሚከራከርበት ማስረጃ ከእጁ ወጥቷል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለተነሣ ገበሬ የመፈናቀያ ካሣውን በ15 ዓመት ገቢ እንዲታሰብ አድርጎ ነበር፤ ከቀድሞው የ10 ዓመት ስሌት ይሻላል። ገበሬው ይኸን ቢያውቅ ኖሮ ለደላላው ይፈርም ነበር? የሚያነብለት ሰው ስላልነበረ ፈረመ። የሚያነቡት ልጆቹ የት ነበሩ? እዚህ፣ ከኛ ጋር፣ ኮሚሽን እያሰሉ።

“እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል” ይላል አንዱ። ይኸ ክርክር ለሌብነትም፣ ለጉቦም፣ ለሁሉም ይሠራል፤ ለሁሉ የሚሠራ ክርክር ደግሞ ለምንም አይሠራም። “ብር እየወደቀ ነው፣ ገንዘቤን የት ላስቀምጠው?” ይላል ሌላው። ይኸኛው እውነተኛ ጥያቄ ስለሆነ አልንቀውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የደመወዝተኛው ቁጠባ ቀለጠ። ግን ነገሩን ከሌላው ወገን እዩት። የቡሬው ቤት በብር ዋጋው ባይነቃነቅ እንኳ ዶላር ላለው ሰው በግማሽ ወርዶለታል ማለት ነው። ጭንቁ ሲጨመርበት የግማሽ ግማሽ ይሆናል። በብር የሚኖረው ያገሬው ልጅ ከዚያ ሰው ጋር ተጫርቶ የአባቱን ቤት መልሶ የሚገዛበት ቀን መቼ ይመጣል? በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ዜጋም የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የሚሆንበት አዋጅ ጸድቋል፤ ሩጫው እየከበደ ነው የሚሄደው።

ይኸ የኛ ብቻ ጉድ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤት ብድር ቀውስ ሲመጣ ሚሊዮኖች ቤታቸውን ለባንክ አጡ። ከ2012 ጀምሮ ብላክስቶን የተባለው ትልቅ የገንዘብ ኩባንያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን በየከተማው እየለቀመ ገዝቶ ማከራየት ጀመረ። በሐራጅ ቤት የለቀሙት ሰዎች ከበሩ፤ ቤታቸውን ካጡት ብዙዎቹ ተከራይ ሆነው ቀሩ። ያ አገር ባንክም፣ ፍርድ ቤትም፣ ጠበቃም ሞልቶለት እንዲያ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ሲከፈት ሲዘጋ በሚኖርበት አገር ምን እንደሚሆን አስቡት።

“ሻጩ እኮ ለምኖኝ ነው፤ ረዳሁት” የሚለው ክርክር ይቀራል። እውነት ነው፤ የተጨነቀ ሰው ገዢ ባያገኝ ይብስበታል። ስለዚህ አትግዙ ብቻ ብሎ መቀመጥ ከሰውየው ጋር መቀለድ ነው። መርዳት ከሆነ ሐሳባችሁ ግን የምትረዱበት ሌላ መንገድ አለ። ቤቱን ከመግዛት የሁለትና የሦስት ዓመት ኪራይ አስቀድሞ መክፈል ይቻላል፤ ሰውየው ገንዘቡን ያገኛል፣ ቤቱም የሱ ይሆናል። አያቶቻችን ወለድ አገድ የሚሉት ነገር ነበራቸው፦ አበዳሪው በወለዱ ፈንታ ቤቱን ወይም መሬቱን ይጠቀማል፣ ዕዳው ሲመለስ ይዞታው ይመለሳል። እሱም ቢሆን ከአራጣ ጋር ተዛምዶ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነው፤ ግን ቢያንስ “ይመለሳል” የሚል ቃል ነበረበት። ፍትሐ ብሔር ሕጉም ሻጩ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልሶ የመግዛት መብት የሚይዝበትን ውል ያውቃል። በእውነት ረዳሁት የሚል ገዢ እስቲ ይኸን መብት ውሉ ላይ ይጻፍለት! ካልጻፈለት የረዳው ማንን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ከኛስ ምን ይጠበቃል? እኛ ቤት የምንገዛበት ገንዘብ የለንም፤ ግን ያለ እኛ ግዢው አይሳካም። ቤቱን የምንጠቁመው እኛ ነን። ፎቶውን አንሥተን የምንልከው፣ ውሉን የምንጽፈው፣ እማኝ ሆነን የምንፈርመው እኛ ነን። ሻጩ “የእገሌ ልጅ አለበት” ብሎ የሚያምነውም በኛ ነው። ምሳር ብረቱ ከሩቅ ይመጣል፤ እጀታው ግን ከዚያው ደን የተቆረጠ እንጨት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ በጭንቅ በሚሸጥ ቤት ላይ ድለላ አንቀበል፤ እማኝም አንሁን። ሁለተኛ፣ የሕግ ተማሪዎች ለእረፍት ስትገቡ በገበያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም ከዕድሩ ድንኳን አጠገብ ተቀምጣችሁ ሰው ሳይፈርም ውሉን አንብቡለት። ቁጥር 1710ን፣ ቁጥር 1723ን፣ የካሣውን ስሌት በአማርኛ አስረዱት፤ ክፍያ አትጠይቁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን ለብድር እንዲያስይዝ ስለፈቀደ ይኸ ምክር ከአሁን በኋላ ከከተማው ይልቅ ለገጠሩ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ውጭ ላሉት ዘመዶቻችን ቤት ስንጠቁም የሚሠራ ቤት እንጠቁም፤ የወደቀ ሰው ቤት አንጠቁም። ገንዘብ ካላቸው በማኅበር ተደራጅተው ይሥሩ፣ የፈረሰውን ያስጠግኑ፣ ወይም ለወገናቸው ያለ ወለድ ያበድሩ።

ሰላም አንድ ቀን ይመጣል። የተሰደደውም ይመለሳል። ተመልሶ በሩን ሲያንኳኳ ከውስጥ ማን “ማነው?” ይበለው? ይኸ ጥያቄ ለመንግሥት ብቻ የሚቀርብ አይደለም፤ ዛሬ በየክፍላችን ስልክ ይዘን “ስንት ነው የመጨረሻው?” ለምንለው ለኛም ነው። ስልኩን እናስቀምጠው።

አንድ የዳሞት ልጅ